ስኳር ሲወርድ የምትቀሰቅሰኝ ውሻ ክሊኒክ ትግባ ወይስ በር ላይ ትቅር?

የሳቢያኗ እናት፦
ያ ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። የሚያስጨንቀኝ ሌሊቱ ነው። ስኳር ሲወርድ ያልባል ይባላል። ድሬ ላይ በግንቦት ሌሊት ማን የማያልበው አለ? ግንባሯን ስዳስስ ወበቁ ይሁን ሕመሙ አልለይም። ውሻችን ቡቺ ግን ሁለት ሌሊት በሬን ቧጥጣ ቀሰቀሰችኝ። የልጄን ስኳር ስለካ አንዴ 58፣ አንዴ 51 ወርዶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ቡቺን እያለማመድኳት ነው። ባለፈው ለክትትል ስንሄድ ዘበኛው ቡቺን አላስገባም አለ። ልጄ እያለቀሰች ገባች። የታመመ ሰው የሚያግዝ ውሻ ባጃጅና ክሊኒክ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? የመሰላችሁን ንገሩኝ።

ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ከዚራ፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን አይግባ። ጠዋት ቀፊራ ድረስ ስሄድ ባለቤት የሌለው ውሻ መንገዱን ሞልቶታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ወረፋ የያዘ ሕፃን ቢነከስ ማን ይጠየቃል? ያንቺ ጨዋ ትሆናለች። ነገ ሁሉም «የኔም ታግዘኛለች» ብሎ ቢመጣ በምን እንለያለን?

የእንስሳት ሐኪም፦
አባባ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አሜሪካ በ1990 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይህን የሚለየው በሥራ ነው። ውሻው ከሰውዬው ሕመም ጋር የተያያዘ አንድ ሥራ መሠልጠን አለበት፤ ማጽናናት ብቻ አይበቃም። ባለቤቱ መቆጣጠር ካቃተው እዚያም ያስወጡታል። የኛ መለያ የክትባት ካርድ፣ ማሰሪያና ትእዛዝ መስማት ቢሆን እደግፋለሁ።

ለእናትየዋ ግን አንድ ነገር አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ስኳር ሲወርድ በትንፋሽ ውስጥ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ውሻ የሚያሸተው እሱን ሊሆን ይችላል። ሆኖም የሠለጠኑትም ያመልጣቸዋል፤ ያለነገርም ይቀሰቅሳሉ። ቡቺ ዝም ስላለች ብለሽ መለካቱን እንዳትተዪ፣ እህቴ።

የቁርአን አስተማሪ፣ መጋላ፦
እኛ ሰፈር ብዙው ሰው ሻፊዒ የሚባለውን የእስልምና የሕግ ዘርፍ ተከታይ ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ለሶላት የሚሄድ ሰው ባጃጅ ውስጥ ከውሻ ጎን መቀመጥ ቢከብደው ክፋት አይደለም። ይህን ተረዱልን። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ግን ውሻ ተፈቅዷል። ሱረቱል ከህፍ ላይም ከዋሻው ሰዎች ጋር ውሻቸው ተጠቅሷል። ልጅን ማትረፍ በግ ከመጠበቅ ያንሳል ብዬ አላምንም። ደረቅ ደረቅን ቢነካ አያረክስም። እርጥቡ አፍንጫዋ ሰው እንዳይነካ ከእግር ስር አሳጥረሽ ያዣት።

ባጃጅ ነጂ፦
አቦ፣ እውነቱን ልናገር። ውሻ የያዘች ሴት እጇን ዘርግታልኝ አልፌያት ሄጃለሁ። ሽታው ይቀራል፣ ቀጣዩ ተሳፋሪ ይወርድብኛል። የታመመ ልጅ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ደማቅ ልብስ አልብሻት፣ ጨርቅም አንጥፊ፤ እጭናለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ደርቤ ግን አልችልም፣ ኮንትራት ነው።

የሳቢያኗ እናት፦
በየክትትሉ ኮንትራት ለኔ ከባድ ነው፣ ወንድሜ። ዶክተር፣ መለካቱን አልተውኩም። ሌሊት ሦስቴ እለካ ነበር፤ አሁን የመለኪያው ስትሪፕ አላዳረሰኝም። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን የስኳር መለኪያ ሴንሰር ውጭ ያለች እህቴ ላከችልኝ፤ በሁለት ሳምንት አለቀ። ኢንሱሊኑንም መብራት ሲጠፋ ውሃ በነካው ሸክላ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ያለኝን ሁሉ እየተጠቀምኩ ነው። ቡቺም ካለኝ አንዷ ናት። አባባ፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። አንቀጽ 9ን ያንብቡልኝ።

ጡረተኛው፦
አነበብኩት። ፈረንሳይኛ ምድር ባቡር ያስተማረኝ ስለሆነ በእሱ ነው ያየሁት። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ውስጥ «የሰው ወይም የእንስሳ እገዛ» እንዲመቻች ይላል። እንስሳ የሚለውን ሁለቴ ደግሜ አየሁት። ስኳር በዚያ ይካተታል አይካተትም፣ የሕግ ሰው ይንገረን። መርፌ የሚወጋበትና ቁስል የሚታሰርበት ክፍል አትግባ፤ ከዚህ አልነቃነቅም። መጠበቂያው ላይ ግን ካርዷን ካሳየች ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ስትገባ ማሰሪያውን እኔ እይዛለሁ።

የሳቢያኗ እናት፦
ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አባባ። ካርዷን ይዤ እመጣለሁ።