ባለቤቴ «ሞላር ነው» ተብሎ ወጣላት፣ አሁን በየሳምንቱ ደም ስጭ የሚሏት ለምንድን ነው?

ጠያቂው (ከቢቸና ወዲህ ማዶ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ባለቤቴ 23 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ገና በ3 ወሯ ሆዷ የ5 ወር መሰለ፣ እናቴማ መንታ ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ነበር። ትውከቱ ግን አይጣል ነው፣ ውሃ እንኳ አይረጋላትም፣ ከዛ ቡናማ ደም ሲታያት ይዘናት ሄድን፣ አልትራሳውንድ ሲያዩ ልጅ የለም ሞላር ነው (ጤነኛ ልጅ ሳይፈጠር የእንግዴ ልጁ ህዋስ ያለ ልክ የሚያድግበት እርግዝና) አሉንና በቫኪዩም ወጣላት። ስንወጣ ቁጭ አርጎ ያስረዳን ሰው የለም፣ ወረቀቱ ላይ ቤታ ኤችሲጂ (የእርግዝናው ሆርሞን በደም የሚለካበት) በየሳምንቱ፣ ለጊዜው እንዳታረግዝ ይላል በቃ።

ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት 212,000 ነበር፣ በ1ኛው ሳምንት 9,400፣ በ2ኛው 1,960፣ በ3ኛው 1,900፣ በ4ኛው ማለትም ባለፈው ሰኞ 1,940። ከ200 ሺ ወደ 2 ሺ ከወረደ ምን ቀረው ብዬ ልተወው ነው። የጤፍ አጨዳው ደርሷል፣ መኪናው ሌላ ምርመራው ሌላ፣ እሷም ድኛለሁ ምን ልሁን ትላለች። ከፋርማሲ በምትሸጠዋ የሽንት መመርመሪያ ቤት ብናየው አይሆንም ወይ? ደግሞ አንዱ ካንሰር ይሆናል ብሎ አስደንግጦኛል። እናቴ በበኩሏ ወይ ቡዳ ነው ወይ ምግብ አልበላ ብላ ነው ትላለች። ምን ላብላት?

የቡሬዋ፦
አይዞህ ወንድሜ እኔም እንዳንተ ሚስት ሆኘ ነበር። ወይን የመሰለ ነገር ነው የወጣልኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ አስወርዳ ነው ብሎ ሲያማኝ ከረመ፣ እሱ ከደሙ ይልቅ ያመኛል እስካሁን። የኔ በ10 ሳምንት ወርዶ ዜሮ ገባ፣ ከዛ በየወሩ ለ6 ወር ሰጠሁ፣ አሁን ልጄ ዳዴ እያለች ነው። ብቻ እኔም 4ኛው ላይ ልተው ብዬ ነበር ባሌ ነው ተቆጥቶ የወሰደኝ። አትተዉ!

አዋላጅ ነኝ፦
ወንድሜ ጽሁፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አትተወው። ከ212,000 መውረዱ ጥሩ ነው፣ ግን የመጨረሻ ሶስቱን ጎን ለጎን አርገህ እያቸው እስኪ፣ 1,960፣ 1,900፣ 1,940። ይሄ መውረድ አይደለም ቆሟል። ኤችሲጂ የእንግዴ ልጁ ህዋስ የሚያመርተው ሆርሞን ነው፣ ሁሉም ተጠርጎ ከወጣ ምንጩ ደርቆ ቁጥሩ እየሟሸሸ መጥፋት ነው ያለበት። ካልጠፋ አንድ ቦታ የሚያመርት ህዋስ አለ ማለት ነው፣ ማህፀን ግድግዳ ውስጥም ይሁን፣ አንዳንዴም ሳንባ ላይ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በ3 ሳምንት ውስጥ የተወሰዱ 4 ውጤቶች ባሉበት ከቆሙ፣ ወይ በ2 ሳምንት ውስጥ 3ቱ ተከታትለው ከጨመሩ ህክምና ይጀመራል። እናንተ 3ቱን ይዛችኋል፣ የቀረው የፊታችን ሰኞ ነው፣ እሱን ሰኞ ለጤፍ ብለህ እንዳታስቀርብኝ።

ካንሰር ነው ወይ ላልከው፣ ሞላሩ ራሱ ካንሰር አይደለም። ሙሉው ዓይነት ከሆነ ግን ከ100 ሴት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ ቅሪቱ ማደጉን ይቀጥላል፣ ያኔ እንደ ካንሰር ተቆጥሮ በመድኃኒት ይታከማል። ከፊል የሚባለው ዓይነት ላይ ይሄ ከ100 ከ5 አይበልጥም። የትኛው እንደሆነ የፓቶሎጂ ወረቀት፣ ማለትም የወጣው ነገር በላብራቶሪ የታየበት ውጤት ካላችሁ እዩት። እና ስማኝ፣ በጊዜው ከተደረሰበት የሚድነው መቶ በመቶ የሚጠጋው ነው፣ ማህፀንም ሳይወጣ። እንዲህ ብዬ የማወራበት ሌላ ካንሰር የለኝም።

ለእናትህ ደግሞ በቀስታ ንገራቸው፣ ሙሉው ሞላር የሚሆነው የሴቷ ዘር የሌለበት ባዶ እንቁላል ላይ የወንዱ ዘር ገብቶ ራሱን ሲያባዛ ነው። ጥፋተኛ ከተፈለገማ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው የኔ ወንድም 😄 የሷ የለበትም፣ ቡዳም የለበትም።

ሽማግሌው ከሞጣ፦
ልጄ እኛ ዘንድ ማህፀን እንዲጠራ ኮሶና ስራስር አጠጥተን ነበር የምናድን። ጠበልም ውሰዳት።

አዋላጅ ነኝ፦
አባቴ ጠበሉን ትጠመቅ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ሰኞን እስካላስቀረ ድረስ። ኮሶውን ግን እባክዎን ይተዉላት። ለቅሪቱ የሚሰጠውን መርፌ የምትጀምር ከሆነ ጉበቷ ንጹህ መሆን አለበት፣ ጉበቷ ከተጎዳ መድኃኒቱን ያዘገዩባታል።

ማይክሮስኮፕ፦
ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ የሽንቷን ነገር እኔ ልመልስ። ስትሪፑ ከ25 በላይ ከሆነ አለ፣ ከዛ በታች ከሆነ የለም ነው የሚልህ። 1,900ም 19,000ም ሁለት መስመር ነው፣ መቆሙንና መውረዱን አትነግርህም። ቁጥሩ በጣም ሰማይ ሲነካ ደግሞ እንደውም ተሳስታ የለም የምትልበት ጊዜ አለ። የደሙን ቁጥር ነው የምትፈልገው፣ የሚቻል ከሆነ ሁሌ አንድ ላብራቶሪ፣ ማሽን ሲቀየር ቁጥሩ ይለያያልና ቆመ ጨመረ ብለህ በከንቱ ትጨነቃለህ። ወረቀቶቹን አትጣል፣ ደብተር ላይ ቀኑን ከቁጥሩ ጋ ጻፍ፣ ሀኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

በነገራችን ላይ ከጽንስ ቅሪት የሚመጣው ካንሰር በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሜቶትሬክሴት ሲድን በመድኃኒት ብቻ ከዳኑ የመጀመሪያዎቹ የእጢ ካንሰሮች አንዱ ነበር። ዛሬም ያው መድኃኒት ነው።

ጠያቂው፦
እሺ ሰኞን አናስቀርም። ግን አታርግዝ የሚሉት ማህፀኗ ስለተጎዳ ነው? እሷ ቶሎ ካልወለድኩ አይለቁኝም ብላ ነው የምታለቅሰው። መከላከያ መውሰድስ አይጎዳትም?

የቡሬዋ፦
ማህፀን ተጎድቶ አይደለም። ካረገዘች አዲሱ እርግዝና ራሱ ኤችሲጂ ያመርታል፣ ከዛ ቁጥሩ የልጁ ይሁን የቅሪቱ ማን ይለያል? ለዛ ነው። እኔ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ነው የወሰድኩ። ኪኒኑም መርፌውም ይሆናል፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን ቁጥሩ ዜሮ እስኪገባ አይገባም አሉኝ፣ ማህፀኑ ሳስቶ ሊበሳ ይችላል ብለው። ልጄን ሳረግዝ ገና በ2 ወሬ አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ተመልሶ የሚመጣው ከ100 በ1 ቢሆን ነው ብለውኝ እንኳ ልብ ምቴ አልጋው ላይ ይሰማ ነበር።

አዋላጅ ነኝ፦
የምግቡን ረስቼ። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው ካሮቲን ሲያንስ ሞላር በዛ ያሉ ጥናቶች አሉ፣ ግን እሷ ይሄን ስላልበላች መጣባት ማለት አይደለም፣ ያን ብሎ መውቀስ ነውር ነው። አሁን ደም ስለፈሰሳት እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የተገኘውን አብላት። መርፌው ከተጀመረ ግን ፎሊክ አሲድ ኪኒን ከቤት አውጥታ እንዳትውጥ፣ መድኃኒቱ የሚሰራው ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን (ፎሊክ አሲድ ማለት ነው) አግዶ ነው፣ ኪኒኑ ስራውን ያበላሽበታል። የምግቡ ጎመን ችግር የለውም። ጠላና አረቄ የለም፣ የራስ ምታት ኪኒንም ሳትጠይቅ አትውሰድ።

ጠያቂው (ከ10 ቀን በኋላ)፦
ሰኞ ሄድን፣ 2,010 ወጣ። ሐኪሙ ደብተሬን አየና አራቱን አከበበ፣ ሳንባዋን ራጅ አነሷት ንጹህ ነው፣ የበሽታውን ስጋት የሚለኩበት ነጥቧ ዝቅተኛ ስጋት ላይ ነው አሉና ሜቶትሬክሴት ጀመረች። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ ቀን መርፌው፣ በመሃሉ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛ ቀን ፎሊኒክ አሲድ የሚባል። መጀመሪያ ፎሊክ አትውሰጅ ተብላለች ብዬ ተከራክሬ ነርሷ ሳቀችብኝ፣ ስማቸው ነው እንጂ ይሄኛው ጤነኛ ህዋሷን ሊጠብቅላት ነው አለች። ትናንት አለቀላት፣ በ14 ቀኑ እንደገና ነው። አፏ ትንሽ ቆስሎባታል፣ በርበሬ አልሆነላትም፣ እናቴ ራሷ የአጃ አጥሚት ለብ አርጋ እያጠጣቻት ነው፣ የቡዳው ነገር ቀርቷል።

ጤፉን ጎረቤት በደቦ አጨደልን።

የቡሬዋ፦
በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ፣ የጥርስ ብሩሿ ለስላሳ ይሁን። የሚቀጥለውን ቁጥር ጻፍልን።