ለጨቅላ ልጄ ገላ ማጠቢያ፦ የትኛውን ልጠርጥር?

ሰላም ለእናንተ። ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ እስቲ እርዱኝ።

ልጄ ገና ጨቅላ ናት። ገላዋን የማጥብበት ፈሳሽ «ለስላሳ፣ ለአራስ ልጅ የሚሆን» ይላል። ጠርሙሱን ገልብጬ ሳነብ ኮኮ ግሉኮሳይድና ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን (ሁለቱም አረፋ ሰጪ ማጽጃዎች ናቸው)፣ ሶዲየም ቤንዞኤት (ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጨመር)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሽቶ። የሕፃን ጠረን ራሱ አይበቃም እንዴ?

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። ተራ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 10 ስለሆነ የቆዳን ተፈጥሯዊ አሲድነት ያዛባል። ለሕፃናት የሚዘጋጁት ፈሳሾች ብዙዎቹ ወደ 5.5 ይጠጋሉ። ግሉኮሳይዶቹ ከስኳርና ከኮኮናት ዘይት ይሠራሉ፤ ቆዳን እምብዛም አያስቆጡም። ቤታይኑም ለዘብ ያለ ነው፤ ግን አንዳንዱ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ብዙውን ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ሲመረት ተጣርተው ካልወጡ ቅሪቶች ነው ይባላል። ይሄን ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ማንም አይጽፍልህም!

ካጠብኳት በኋላ የአንገቷ እጥፋት ቀላ ይላል፤ ደረቷም ሻከር ይላል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሚላጠው ግን የአራስ ቆዳ ልማድ ስለሆነ አላሳሰበኝም። ትኩሳት የላትም፣ ጡትም በደንብ ትጠባለች።

ሽቶ የሌለው ልቀይርላት ወይስ ለጊዜው ለብ ባለ ውሃ ብቻ ላጥባት? ቤታይን የሌለበትን ሞክሮ ለውጥ ያየ አለ? የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እስከዚያ ምን ላድርግ?