የሊስትሮ ሳጥን የት ይቀመጥ? ስለ ጎንደር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጥያቄ

የፒያሳዋ፦

ሰላም የጎንደር ልጆች። ከተማችን ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ቤተ መጻሕፍት በአንዱ፣ ውሰት ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የምጠይቃችሁ ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

በቅርቡ አንድ ልጅ በር ላይ መጣ። ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሊስትሮ ነው፤ ሳጥኑን በትከሻው አንግቷል። ጥበቃችን ክፉ ሰው አይደለም። “ሳጥኑን ውጭ አስቀምጥና ግባ” አለው። የቦርሳ ማስቀመጫችን ጠባብ ነው፤ ቀለሙ የሰው ቦርሳ እንዳይነካ ብሎ ነው። ልጁ ሳጥኑን አየ፣ አስፋልቱን አየ። ብሩሹ፣ ቀለሙ፣ ጨርቁ፣ የዕለቱ ሳንቲም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቢወስዱበትስ? “ይቅር በቃ” ብሎ ተመለሰ። የፈለገው የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ነበር።

ማንም ሂድ አላለውም። ደንባችን ላይ ሊስትሮ አይግባ የሚል ቃል የለም። ግን አልገባም። ከዚያ ወዲህ አዳራሹን ባየሁ ቁጥር የሌሉት ሰዎች ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

አዳራሹማ ይሞላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ስንከፍት ተማሪዎች ተሰልፈው ይጠብቁናል። ሃንዳውታቸውንና አጋዥ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ከእኛ የሚፈልጉት ወንበርና መብራት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ልፈተን የሚለው ሁሉ ጥግ ይዞ ያጠናል። ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። እኔን ያሳሰቡኝ የማይመጡት ናቸው። የቤት ሠራተኞች አይመጡም። የቅዳሜ ገበያ ተሸካሚዎች አይመጡም። ዐይነ ስውራን አልፎ አልፎ ይመጡና ይቀራሉ።

አንዲት ተፈናቅላ የመጣች እናት ደግሞ ልጇን ይዛ መጣች። መጽሐፍ ለማዋስ መታወቂያና ዋስ እንጠይቃለን። መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጪ ተብላለች። መሸኛው ጥላው ከመጣችው ቀበሌ ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ደግሞ ተመልሳ አትሄድም። ዋስ የሚሆናት ዘመድ እዚህ የላትም። ልጅቷ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ ቆማ ነበር። ከእጇ የተቀበልኳት እኔ ነኝ።

ዩኔስኮን እኛ የምናውቀው በፋሲል ግቢ ነው። ይኸው ድርጅት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምን መሆን እንዳለበት የሚናገር መግለጫ በ1949 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ ከዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያሻሻለው በ2022 ነው። አገልግሎቱ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ የኑሮ ደረጃ ሳይለይ ለሁሉም እኩል ይሁን ይላል። መምጣት ለማይችሉትም፣ ሆስፒታል ለተኙትና ለታሰሩት ሳይቀር፣ የተለየ አገልግሎት ይዘጋጅ ይላል። እኛ ገና በራችን ላይ ነን።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እናንተ ወይም የምታውቁት ሰው ቤተ መጻሕፍት ደጅ ደርሶ የተመለሰ አለ? ምን መለሰው? በጀት ሳይጠየቅ ልንጀምረው የምንችለው ነገር ምንድን ነው? ለኃላፊዬ ጽፌ ላቀርብ ነው፤ እውነቱን ንገሩኝ።

የአዘዞዋ፦

እህቴ፣ ያነሳሽው የእኔን ታሪክ ነው። ከገጠር መጥቼ ጎንደር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ማታ ማታ እማራለሁ። የማጠናው እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ፣ እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው። ነፃ የምሆነው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥቂት ሰዓት ነው። እሁድ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። በሌላው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት እጇ ባዶ የሆነ የቤት ሠራተኛ ማን አይቶ ያውቃል?

አንድ ቀን ግን እመቤቴ ወደ ገበያ ስትልከኝ ጎራ አልኩ። ነጠላዬ ጭስ ጭስ ይላል፣ ተሳቅቄያለሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው “ምን ልስጥሽ?” አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ ሁሉ ከመስኮቱ ጀርባ ነው፤ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ነው የምትጠይቂው። የመጽሐፍ ስም የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? እኔ እስከዚያ ድረስ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ በእጄ ይዤ አላውቅም። “ቆይ እመለሳለሁ” ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ምክሬ እሱ ነው። ሁሉንም ክፈቱ አልልም። ጥቂት መጽሐፍ ግን ከመስኮቱ ወዲህ አውጡ። ሰው ገልጦ አይቶ፣ ደስ ካላለው መልሶ የሚያስቀምጥበት አንድ መደርደሪያ ይኑር። እሁድ ከሰዓትም ክፈቱ። ለሠራተኛው ዕረፍት ከሆነ ሰኞ ጠዋት ይተካለት።

ነጭ በትር፦

እህት ዓለም፣ ዐይነ ስውራን ይመጡና ይቀራሉ ያልሽው እውነት ነው። እኔ ከቀሩት አንዱ ነኝ። ለምን እንደቀረሁ ልንገርሽ፤ እንዳወቅሽው እርግጠኛ አይደለሁም።

ሕግ ነው የተማርኩት። ያኔ የማነበው በጓደኛዬ ዐይን ነበር። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ እኔ በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው ሰሌዳ) እና በስታይለስ (ነጥቡን በሚወጋው መርፌ) በብሬል እጽፋለሁ። ስታይለሱ ወረቀቱን ሲወጋ ጠቅ ጠቅ ይላል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ “ጸጥታ ይከበር” ተብሎ ተለጥፏል። ገና አንድ ገጽ ሳንጨርስ ሰው ይዞራል፣ ከዚያ ሠራተኛው ይመጣና በጆሯችን “እባካችሁ ውጭ” ይለናል። ልክ ነው፣ የሌላው ተማሪ መብት ነው። የምንሄድበት ሌላ ክፍል ግን አልነበረም። የውል ሕግን የጨረስነው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ነው፤ ሰው በላያችን እየተራመደ ይወጣል ይወርዳል።

ስለዚህ የምለምንሽ ድምፅ የሚፈቀድበት አንድ ክፍል ነው። በጣም ትንሽ ይሁን። ዐይነ ስውር ከአንባቢው ጋር ይገባበታል። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት የመጣላቸውን ደብዳቤ የሚያስነብቡበትም እሱ ይሁን። ለሕፃናት ተረት የሚነበብበትም እሱ ይሁን። ጸጥታ የምትባለው ነገር ለካ ስንቱን ሰው ታስወጣለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የቅጂ መብት ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥ ይፈራሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላዋለች። ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን በብሬል ወይም በድምፅ ለማዘጋጀት የባለመብቱ ፈቃድ እንዳያስፈልግ የሚያደርግ ነው፤ ለንግድ እስካልሆነና እንዲህ ያለ አገልግሎት በሚሰጥ ተቋም በኩል እስከሆነ ድረስ። ቤተ መጻሕፍት ማለት እንዲህ ያለው ተቋም ነው። ለኃላፊሽ ስትጽፊ ይህን አስገቢበት። ዛሬ አብዛኞቻችን ስልክ አለን፤ ቶክባክ የሚባለው የስልኩ ጽሑፍ አንባቢ ያነብልናል። የጎደለው የሚነበበው ነገር ነው።

ንብረት ክፍል፦

የምትሉት ሁሉ ልብ ይነካል። እኔ ግን ከወዲያኛው በኩል ልናገር፣ ካልተነገረ መፍትሔ አይመጣም።

መጽሐፍ ይጠፋል። ገጹ ተገንጥሎ ይሄዳል፤ በተለይ የፈተና ጥያቄ ያለበት ገጽ። ሲጠፋ የሚጠየቀው ማን ነው? ንብረቱ በስሙ የተመዘገበው ሠራተኛ። በምሠራበት ቤት ቆጠራ ሲመጣ የጎደለው ከደሞዝ የሚቆረጥበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ሠራተኛው መጽሐፉን ከመስኮት ጀርባ ቢቆልፍ፣ ዋስ ቢጠይቅ፣ ምን ይገርማል? ልጅቷን የሥዕል መጽሐፍ ያስከለከላት ጭካኔ አይደለም፣ የንብረት ካርዱ ነው።

ስለዚህ የፒያሳዋ፣ መደርደሪያ አውጡ ከማለትሽ በፊት ደንቡ ይስተካከል በይ። በየዓመቱ ይህን ያህል መጽሐፍ ቢጠፋ በአገልግሎት ያለቀ ተብሎ ይወገዳል፣ ሠራተኛው አይጠየቅም የሚል አንቀጽ ይግባ። ያኔ ማንም አይፈራም። ያለዚያ የአንቺ ደግነት የአንዱን ባልደረባሽን ደሞዝ ይበላል።

የሳጥኑ ነገር ግን ቀላል ነው። ከጥበቃው ወንበር ጀርባ አንድ እንጨት ይመታ፣ ቁጥር ይሰጠው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ከበርሚንግሃም፦

የማራኪ ሠፈር ልጅ ነኝ፣ አሁን እንግሊዝ ነው የምኖረው። ንብረት ክፍል ላነሱት አንድ ነገር ልጨምር። ቺካጎ በ2019 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያዘገየ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት አነሳች። መጽሐፉ ሁሉ ያልቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የተመለሰው መጽሐፍ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ቅጣቱን ፈርቶ የተደበቀው ሰው ነበር መጽሐፉን ይዞ የቀረው።

እዚህም በሩ ከመጀመሪያው ሰፊ አልነበረም። የ1850ው የእንግሊዝ ሕግ ከተሞች ለቤተ መጻሕፍት ግብር እንዲሰበስቡ ፈቀደ፤ በገንዘቡ መጽሐፍ መግዛት ግን አልፈቀደም። ይህ የተስተካከለው በ1855 ነው። በኋላ ደግሞ ሥራ ፈት እንዳይሰበሰብ ብለው በጋዜጦች ላይ ያለውን የፈረስ ውርርድ ዜና በጥቁር ቀለም የሚሸፍኑ ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ድጎማ ማመልከቻ ኦንላይን ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በሠራተኛ እርዳታ ይሞላል። ጎንደርም የሚያስፈልገው ይመስለኛል። ፋይዳ ላይ የሚመዘገበው፣ የፈተና ውጤት የሚያየው፣ ሁሉም ነገር ወደ ስልክ ሄዷል። ስማርት ስልክ የሌለው የት ይሂድ?

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር ከ2010 ወዲህ በበጀት ቅነሳ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል። ስለዚህ የእንግሊዝን ነገር ሁሉ ምሳሌ አታድርጉት።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ በጥሞና አነበብኩ። የፒያሳዋ ልጄ፣ ዋስ የሚለውን ነገር ልያዘው።

የእኛ ከተማ ሰው ሲያስተምር ዋስ ጠይቆ አያውቅም። የቆሎ ተማሪው ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፣ አቋቋም ሊማር በዓታ ሲደርስ መሸኛ አምጣ ያለው የለም። አኩፋዳውን ይዞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ ቆመ፣ የጎንደር እናቶች ቁራሽ ሰጡት፣ ጎጆው ገብቶ ተማረ። የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ፋሲል ግቢ ውስጥ እስከዛሬ ቆሟል። ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል። እኔ ግን ከዚያ ሕንጻ ይልቅ በጎጆዎቹ ነው የምኮራው።

ዋሱ ከሰው ወደ ማኅበር ይዛወር። የሊስትሮ ማኅበር ለአባላቱ ዋስ ይሁን። የኔታ ለተማሪዎቻቸው፣ ዕድር ለሠፈሩ ሰው። ለተፈናቃይዋ እናት ያለችበት መጠለያ ኮሚቴ ወረቀት ይጻፍላት። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ዕድርተኛው አዋጥቶ ይተካል። ለለቅሶ የሚያዋጣ ሰው ለመጽሐፍ እንቢ አይልም።

ሌላው፣ ሰው ካልመጣ እናንተ ሂዱ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ታስታውሱ ይሆናል። ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከዚያ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭኖ ልጆች ያሉበት ድረስ ወሰደ። እኛም ጋሪ አላጣንም። አዘዞ ላለ ልጅ የፒያሳ መንገድ የታክሲ ገንዘብ ነው።

ድምፅ የሚፈቀድበት ክፍል ከተገኘ እኔ ዐይኔ ገና አልደከመም። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ነው የምውለው። ማንበብ እችላለሁ።

የፒያሳዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቃልዎን ይዣለሁ፤ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

የድሮ ጋዜጣ የተከመረበት አንድ ክፍል አለን። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው፤ ድምፅ አዳራሹ ድረስ አይደርስም። ነጭ በትር፣ ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የማሰፍረው እሱን ነው፣ የማራካሹንም እጨምራለሁ። ቀጥሎ የእሁድ ከሰዓቱ፣ ከዚያ ከመስኮቱ ወዲህ የሚወጣው መደርደሪያ፣ ከዚያ በማኅበር የሚሰጠው ዋስ። ሳጥኑን ደብዳቤ ውስጥ አላስገባውም፤ ነገ ከጥበቃው ጋር ተነጋግረን እንጨርሰዋለን።

ንብረት ክፍል፣ እርስዎ ያሉት ነው ያስቸገረኝ። የጠፋ መጽሐፍ ከሠራተኛው ስም እንዲነሳ የሚፈቅድ አሠራር የጀመረ መሥሪያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ደሴ፣ እንዴት አድርገው እንዳስገቡት ጻፉልኝ። ያለዚያ አንቀጽ ኃላፊዬ አይፈርምም።