«ጋርባግሪሃ»፣ «ጎፑራም»፣ «ዳርሻን»፣ «ፕራሳድ»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፦
ስለ ሂንዱ ቤተ መቅደሶች በሚጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች ጋርባግሪሃ «የማሕፀን ቤት»፣ ጎፑራም «ግንብ»፣ ዳርሻን «ጉብኝት»፣ ፕራሳድ «የተቀደሰ ምግብ» እየተባሉ ይተረጎማሉ። ያስኬዳሉ? የተሻለ ካለ ከነምክንያቱ ብታካፍሉን።

መልስ፦
ጋርባግሪሃ ቃል በቃል ሲፈታ አልተሳሳቱም። በሳንስክሪት «ጋርባ» ማሕፀን ወይም ፅንስ ነው፣ «ግሪሃ» ደግሞ ቤት። ነገር ግን «የማሕፀን ቤት» የሚለውን ያነበበ ሰው የወሊድ ክፍል ቢመስለው አይፈረድበትም። ቦታው ጠባብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የሌለውና አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ነው። በሩ በብዛት ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ውስጡን የሚያበራው የዘይት መብራት ነው። በብዙ ቦታ ካህኑ ብቻ ይገባል፣ ምእመኑ ከደፉ ወዲህ ይቆማል። ለዚህ «መቅደስ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለን፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ የሚለውን አከፋፈል የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ንጽጽሩን ግን ከዚህ አታሳልፉት። ከመቅደሱ በፊት ያለው አንታራላ ጠባብ መተላለፊያ እንጂ ቅድስት አይደለም። ማንዳፓም ዓምዶች የተደረደሩበት አዳራሽ ስለሆነ «አዳራሽ» ይበቃዋል።

«ግንብ» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎፑራም የቅጥሩ በር ላይ የሚቆም ነው፤ «የደጅ ግንብ» ቢባል ይገልጸዋል። ከመቅደሱ አናት ላይ የሚነሣው ሌላ ነው፣ ስሙም እንደ አገሩ ይለያያል። በሰሜን ሕንድ አሠራር ከጣራው እስከ ጫፉ ያለው በሙሉ «ሺካራ» ይባላል፣ የተራራ ጫፍ ማለት ነው። ከላዩ ጠርዙ እንደ ዱባ የተሸነሸነ ክብ ድንጋይ (አማላካ)፣ በእርሱም ላይ የእንስራ ቅርጽ ያለው ጉልላት (ካላሻ) ይቀመጣል። በደቡብ ግን ሙሉው «ቪማና» ነው፤ «ሺካራ» የሚባለው ከላይ ያለው ቆብ መሰል ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ደቡብ የተጻፈን «ሺካራ» ሙሉ ግንብ አድርጎ የተረጎመ ሰው ልኬቱም ይዛባበታል።

በደቡብ ሕንድ፣ በታንጃቩር ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ ያሠራውና በ1010 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ቤተ መቅደስ ቪማናው ከ60 ሜትር በላይ ስለሆነ ከጎፑራሞቹ በእጅጉ ይበልጣል። እዚያው ደቡብ በማዱራይ ባለው የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከ50 ሜትር የሚያልፈው የደቡብ በሩ ጎፑራም ሲሆን የመቅደሱ ጣራ ከውጭ ብዙም አይታይም። በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) አቡ ዳቢ ላይ የተከፈተው ቤተ መቅደስ በሰሜን አሠራር የተሠራ ነው። በሰባቱ ኤሚሬቶች ልክ የቆሙት ሰባቱ ግንቦች ሺካራዎች ናቸው፣ «ጎፑራም» ተብለው መጻፍ የለባቸውም።

ሌላ መልስ፦
«መቅደስ» በሚለው ትርጉም እስማማለሁ። ዳርሻንን ግን «ጉብኝት» ማለት አምልኮውን ያጠፋዋል፤ ጉብኝት የቱሪስት ነው። የቃሉ ሥር ማየት ነው፣ መታየትንም ይጨምራል። በሂንዲ ምእመኑ ዳርሻን «ያደርጋል»፣ አምላኩ ዳርሻን «ይሰጣል»። ምስሉ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲለብስና ምግብ ሲቀርብለት መጋረጃው ይዘጋል፤ ዳርሻን የሚቻለው ሲከፈት ነው። ምስሉ ተቀርጾ ሲመረቅም ዓይኖቹ የሚከፈቱት በሥርዓቱ መጨረሻ ግድም ነው። «መሳለም» ሲነበብ ይፈስሳል፣ ግን መሳምንና መንካትን ያስባል፤ ዳርሻን በዓይን ያልቃል። እኛ «ዓይንህን ልይ ብዬ መጣሁ» ስንል ያለው ስሜት ይበልጥ ይቀርበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቀስ «ከአምላኩ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት» ብሎ ማብራራት፣ ከዚያ በኋላ «ዳርሻን» ብሎ መቀጠል ይሻላል።

አምላኩን ወይም መቅደሱን መዞር ለሆነው ፕራዳክሺና «ዑደት» ጥሩ ነው። «ዳክሺና» ቀኝ ነው፤ የሚዞረው አምላኩን በቀኝ እጁ በኩል አድርጎ ነው። የሺቫ ቤተ መቅደስ ላይ ግን «ሦስት ጊዜ ዞረ» ብላችሁ አትተርጉሙ። በሊንጋው (ሺቫን በሚወክለው ምስል) ላይ የሚፈሰው ውሃና ወተት በሰሜን በኩል ባለ አሸንዳ ይወጣል፣ በልማዱም አሸንዳውን መሻገር አይገባም። ሰውየው እስከዚያ ሄዶ በመጣበት ይመለስና በሌላው አቅጣጫ እስከ አሸንዳው ማዶ ይዞራል።

ሌላ መልስ፦
ፕራሳድ ላይ ልጨምር። አንዱ ምግብ ሁለት ስም አለው፤ ከመቅረቡ በፊትና ሲቀርብ «ናይቬድያ»፣ ቀርቦ ሲመለስ «ፕራሳድ»። አጭሩ የፑጃ (የአምልኮ) ሥርዓት አምስት መስተንግዶ ነው፦ የሰንደል እንጨት ቅባት፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ከዚያ ናይቬድያ። ምግብ ሠሪው ጨው በቃው ብሎ እንኳ መቅመስ የለበትም፣ ከቀመሰው የሰው ትራፊ ሆኗልና አይቀርብም። ፕራሳድ ግን የአምላኩ ትራፊ ስለሆነ ይከበራል፣ በቀኝ እጅም ይቀበሉታል። «የተቀደሰ ምግብ» ይህን ቅብብል አያሳይም። «ጸበል ጸዲቅ» ብለን ብንተረጉመው ለሁሉ መታደሉንና በረከትነቱን ይይዛል፤ መጀመሪያ ለአምላኩ እንደ ማዕድ መቅረቡ ግን በአንድ ሐረግ መጨመር አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሙርቲ» ቅርጽ የያዘ አካል ማለት ነው። «ጣዖት» ፍርድ ስላለበት «ምስል» በሉት። በበዓል ቀን ተሸክመው የሚያወጡትንም «ታቦት» አትበሉት። በብዙ የደቡብ ቤተ መቅደሶች ዋናው የድንጋይ ምስል ከመቅደሱ አይነቃነቅም፤ የሚወጣው ለዚያ የተሠራ ሌላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የነሐስ ምስል ነው።