በስልክ ካሜራ የስንዴ ጥራት መለየት፦ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ውጤት

ጥያቄ (የአዳማ እህል ነጋዴ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ ስንዴ ገዝቼ ለዱቄት ፋብሪካ አቀርባለሁ። አብዛኛው ጭነት ከአርሲ የሚመጣ ነው። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ይማራል። ፎቶ ሲነሳ ጤነኛውን ፍሬ፣ ስባሪውንና ባዕድ ነገሩን የሚለይ አፕ ሠራልኝ። አንዱን እፍኝ ስንዴ ጠዋት ደጅ ላይ ሳነሳው «ንጹህ» ይለኛል። ያንኑ ከሰዓት መጋዘን ውስጥ ሳነሳው ብዙውን «የተበላሸ» ያደርገዋል። ይባስ ብሎ አፑ ያሳለፈውን ጭነት ፋብሪካው «እርጥብ ነው» ብሎ መለሰብኝ። ስልክ ልቀይር?

መልስ (ኮድ ጻፊው)
ጋሼ፣ ለስልክ ብር አያውጡ። ችግሩ ብርሃኑ ነው። የስልክ ካሜራ ቀለሙንና ድምቀቱን እንደ አካባቢው ራሱ ይለዋውጣል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ያለውና ቢጫ አምፖል ሥር ያለው ስንዴ ለአፑ ሁለት የተለያየ እህል ነው።

ካርቶን ይፈልጉና ውስጡን ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት። ከላይ ለካሜራው ቀዳዳ ይብሱ። ከጎንና ከጎን ነጭ የኤልኢዲ መብራት ያድርጉ፤ ብርሃኑ እንዲለዝብ በስስ ወረቀት ይሸፍኑት። ፍላሽ በፍጹም! ፍሬው ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል፣ አፑም ያንን ጉዳት ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ከሥር የማያብረቀርቅ ሰማያዊ ወረቀት ያንጥፉ፤ የስንዴ ቀለም ሰማያዊ ላይ ጎልቶ ይለያል። ፍሬዎቹ አይነካኩ፤ ሁለት የተጣበቁ ፍሬዎች እንደ አንድ ትልቅ ፍሬ ይቆጠራሉ። የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ቢያስቀምጡ አፑ መጠኑን በእሱ ይለካል። ልጁ ደግሞ የካሜራውን ትኩረት፣ ድምቀትና ኋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያውን) በኮዱ ይቆልፈው።

መልስ (የፋብሪካ ሰው)
እርጥበት በፎቶ አይታይም ወንድሜ። ካሜራው የሚያየው ቆዳውን ነው። ፕሮቲኑም እንዲሁ፤ እሱን የሚለኩት ዓይን በማያየው ጨረር የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው። ነቀዝም ፍሬው ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ ከሆነ፣ በስቶ እስኪወጣ ድረስ ከላይ ጤነኛ ይመስላል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። እስከዚያው በደንብ የደረቀ ጨውና ስንዴ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ይነቅንቁ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ገደማ በላይ ነው፤ አይግዙት።

መልስ (ሰፌድ ይሻላል)
አቦ ዓይንና ሰፌድ እያለ አፕ ምን ይሠራል?

መልስ (የላብራቶሪ ልጅ)
ዓይን ይደክማላ። ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ ደግሞ ፎቶው ማስረጃ ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ግን ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አፑ ውጤቱን የሚሰጠው በፍሬ ቁጥር ነው፤ የእህል ደረጃ የሚወጣው በክብደት ነው። አንዲት ጠጠርና አንድ ገለባ በቁጥር እኩል ናቸው፣ ሚዛን ላይ ግን አይገናኙም። የተለየውን ባዕድ ነገር በትንሿ ሚዛን ይመዝኑት። ሁለተኛው ናሙናው ነው። ከጆንያው አፍ ብቻ ከዘገኑ ሻጩ እንዲያዩ የፈለገውን ነው የሚያዩት። ከተለያዩ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ያውጡ። ደባልቀው ክምሩን አራት ይክፈሉ፣ ትይዩ ሁለቱን ይያዙ፣ እፍኝ እስኪቀር ይድገሙት።

ጠያቂው
ተባረኩ። ልጁ «አፑ 97 በመቶ ልክ ነው» ይለኛል፤ ልመነው?

መልስ (ኮድ ጻፊው)
በምን እንደፈተነው ይጠይቁት። የአንድ ጆንያ ፎቶዎች ግማሹ አፑን ለማሰልጠኛ፣ ግማሹ ለመፈተኛ ከገቡ ቁጥሩ ያታልላል። አፑ አይቶት በማያውቀው ጭነት ይፈትነው፤ ከሌላ ወረዳ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ጠያቂው
በቆሎም ልጀምር አስቤያለሁ። በዚሁ ይሠራል?

መልስ (የላብራቶሪ ልጅ)
ስባሪና ሻጋታ ለመለየት አዎ፣ በበቆሎ ፎቶ እንደገና ከሠለጠነ። ለአፍላቶክሲን (ሻጋታ ለሚያመነጨው መርዝ) ግን እንዳያምኑት። መርዙ ንጹህ በሚመስል ፍሬ ውስጥም ይኖራል። በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት አረንጓዴ ቢጫ የሚያበራ ፍሬ ጥርጣሬ ይፈጥራል እንጂ አያረጋግጥም። እሱን ላብራቶሪ ያስመርምሩ።