የ2014 ፖርሽ 911 ጂቲ3 ለአዲስ አበባ፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ካዛንቺስ_09፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ለሽያጭ ቀርቦልኛል። እ.ኤ.አ. የ2014 ሥሪት ነው፤ 991 የሚባለው ትውልድ፣ 3.8 ሊትር፣ ፒዲኬ (የፖርሽ አውቶማቲክ) ካምቢዮ፣ ኮድ 2፣ ቆጣሪው 31,000 ኪ.ሜ. ያሳያል። ፍሬኑ ሴራሚክ ነው፣ ፊቱን ከፍ የሚያደርገው ማንሻ ግን የለውም።

የሚያድረው ካዛንቺስ፣ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ አልፎ አልፎም በፈጣን መንገዱ እስከ አዳማ እነዳዋለሁ። ትልቁ ፍላጎቴ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ እውነተኛ ትራክ ላይ ማውጣት ነው። በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ሌላው አማራጬ ኤሌክትሪኩ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ነው። ገንዘቡ አለ። ከገዛሁ በኋላ የሚገጥመኝን ግን ከአሁኑ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ቴስታታ፦

ከሞተሩ እንጀምር፣ የዚህ መኪና ትልቁ አደጋ እዚያ ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ እስከዚያ ጊዜ የወጡትን 785 ጂቲ3ዎች ባለቤቶቻቸው እንዳይነዷቸው ጠይቆ የሁሉንም ሞተር ቀይሯል። ምክንያቱ የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሎን መላላት ነበር። ቡሎኑ ሲላላ ቢዬላው ሞተሩን ሰብሮ ይወጣል፣ ዘይት ይፈሳል፣ እሳት ይነሳል፤ ሁለት መኪኖች በዚህ ተቃጥለዋል። ቀጥሎ ደግሞ በዚሁ እስከ 9,000 ዙር በሚሄድ ሞተር ላይ ቫልቭ የሚገፉት ትንንሽ ክንዶችና ካምሻፍቱ ያለጊዜያቸው መበላት ጀመሩ። ኩባንያው ለዚህ ሲል የሞተሩን ዋስትና ወደ 10 ዓመት አራዘመው። አንተ የምትገዛው ግን 10 ዓመቱን ያለፈ መኪና ነው፤ ዛሬ ቢበላ ወጪው ሙሉ በሙሉ የአንተ ነው።

ስለዚህ የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ ሞተሩ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ከተቀየረም መቼና በየትኛው የሞተር ቁጥር እንደሆነ ከኩባንያው መዝገብ አጣራ። እዚህ አገር ይህ ሌላ መዘዝም አለው፦ ሞተር ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ስም ማዞሩም ሆነ የዓመቱ ምርመራ ይደናቀፋል።

ቀጥሎ የሞተሩ ኮምፒውተር በፖርሽ መመርመሪያ መሣሪያ ይነበብ። የከፍተኛ ዙር መዝገቡ ከ1 እስከ 6 በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበና መጨረሻ የተመዘገበው ሞተሩ በስንተኛ ሰዓቱ እንደሆነ ያሳያል። 1ኛና 2ኛ ደረጃ ላይ ቁጥር መኖሩ አያስደነግጥም፣ መኪናው ለዚያ ተሠርቷል። ፒዲኬ ሞተሩን ከልክ በላይ የሚያስጮህ ማርሽ አልቀበልም ስለሚል ከ4 እስከ 6 ባዶ መሆን አለበት። እዚያ ቁጥር ካገኘህ ድርድሩን አቁም። እዚያው ላይ የሞተሩን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት አንብብና 31,000ን አካፍለው። 900 ሰዓት ከሆነ አማካይ ፍጥነቱ 34 ኪ.ሜ. በሰዓት ይሆናል፣ ጤናማ ነው። 2,500 ሰዓት ከሆነ ግን 12 ይወጣል፤ ያኔ ወይ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ወይ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ኖሯል።

የከፍታው ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ጂቲ3 ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው 475 የፈረስ ጉልበት ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ 360 ይወርዳል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ መካኒክ ጋ ወስደህ ማንም “አስተካክላለሁ” እንዳይልህ። ክንፉ የሚፈጥረው ወደ ታች የመጫን ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አንድ ጥቅም አለ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ 98 ኦክቴን ቤንዚን ባያገኝም እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ቶሎ አያንኳኳም።

ቱርቦ ያለው መኪና እዚህ ጉልበቱን ይይዛል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን በነፃ አይደለም። ባሕር ወለል ላይ አየሩን በ2 እጥፍ የሚያምቅ ቱርቦ እዚህ ያንኑ ግፊት ለመስጠት በ2.6 እጥፍ ማመቅ አለበት። ይበልጥ ይሽከረከራል፣ የሚያወጣው አየር ይበልጥ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣው የሚያገኘው አየር ደግሞ ስስ ነው።

ሰነድ_ይቅደም፦

ቴስታታ ሞተሩን በደንብ አብራርቶታል፣ እኔ ወደ ወረቀቱ ልሂድ። ኮድ 2 መሆኑ ብቻውን ቀረጥ ተከፍሎበታል ማለት አይደለም። ዋናውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጠይቅ፤ በሙሉ ክፍያ ነው የገባው ወይስ ከቀረጥ ነፃ በመብት? በመብት ከገባ ወደ አንተ ሲዞር ቀረጡ ይጠየቃል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት የአሮጌ መኪና ኤክሳይስ እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ስለሚደርስ፣ ይህ ልዩነት መኪናውን እንደገና ከመግዛት አይተናነስም።

በውክልና ብቻ አትግዛ። ስም እስኪዞር ድረስ ክፍያው በባንክ ይያዝ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ አለመኖሩንም ሊብሬውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጥ።

ኢንሹራንስ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ለራስህ መኪና ጉዳት አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ስትገዛ ደግሞ “ውድድርና የፍጥነት ሙከራ አይሸፈንም” የሚለውን አንቀጽ ፈልገው። ትራክ ላይ የሚደርስ ጉዳት በዚያ አንቀጽ ከሽፋን ውጭ ነው፤ የግጭቱን ወጪ ከኪስህ መሸፈን ትችል እንደሆነ ከአሁኑ ወስን።

የድሮ_መካኒክ፦

ወንድሜ፣ መኪናው የትራክ መሆኑ የሚታወቅህ ከጎሚስታ ቤት ጀምሮ ነው። ቸርኬው በ5 ቡሎን የታሰረ አይደለም፤ መሀሉ ላይ በአንድ ትልቅ ዳዶ ነው የሚታሰረው፣ ማጥበቂያው ደግሞ 600 ኒውተን ሜትር ነው። የአየር ሽጉጥ ይዞ “አጠበቅኩት” የሚልህን አትመን። ትልቅ መለኪያ ያለው ቁልፍ፣ የራሱ ሶኬት፣ ለጥርሱ የሚቀባ የአሉሚኒየም ግራሶ፣ አንድ ፍሬን የሚረግጥ ሰው፣ አንድ ደግሞ የሚያጠብቅ ያስፈልጋል። ቁልፉንና ሶኬቱን ከመኪናው ጋር አብረህ ግዛ። ሴራሚክ ዲስክ ባለበት መኪና ላይ ጎማ ሲፈታ ቸርኬው የዲስኩን ጠርዝ ከነካው ይሸርፈዋል፤ ስለዚህ ቸርኬው ዲስኩን ሳይነካ ተንሸራትቶ የሚወጣበት ዘንግም አብሮ ይኑር።

ጎማው ፊት 245/35፣ ኋላ 305/30፣ ሁሉም 20 ኢንች ነው። ሶማሌ ተራ ሄደህ የምታገኘው መጠን አይደለም። ቢያንስ አራት ትርፍ ጎማዎች በእጅህ ሳይኖሩ በመኪናው አትመካ። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አንብብ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ6 ዓመት በላይ የቆየ የትራክ ጎማ ደርቋል፣ አይዝም። አዲሱም ቢሆን ውሃ የሚያስወጣበት ቦይ ጥቂት ስለሆነ በክረምት ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስትወርድ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጠዋት አየሩ 10 ዲግሪ ሲሆንም ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች እንደ ፕላስቲክ ነው፣ አትርገጠው።

ሴራሚክ ዲስክ እንደ ብረቱ በውፍረት ብቻ አይታይም። ሙቀቱ የውስጡን ካርቦን ስለሚያቃጥለው ውፍረቱ ሳይቀንስ ክብደቱ ይቀንሳል። ዲስኩ መሀል ላይ ዝቅተኛው ክብደት ተጽፏል፤ ይፈታ፣ ይጠረግ፣ በግራም በሚያነብ ሚዛን ይመዘን። ከዝቅተኛው ጋር ከተቀራረበ የአራቱንም ዲስክ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንስ። ለትራክ ከሆነ ሴራሚኩን አውልቆ ማስቀመጥና በዚያው ልክ የብረት ዲስክ ማሰር ይሻላል፤ የፍሬን ሸራውም አብሮ ይቀየር፣ የሴራሚክ ሸራ ለብረት አይሆንም።

አሁን ስለ መኪና ማቆሚያህ። የፓራውልቱን ታችኛ ከንፈር ከመሬት ለካ፣ ከዚያ ጎማው መሬት ከነካበት ቦታ እስከ ከንፈሩ ድረስ ለካ። ለምሳሌ ከፍታው 100 ሚሜ፣ ርዝመቱ 800 ሚሜ ቢሆን የሚያልፈው ቁልቁለት 12.5 በመቶ ነው። የሕንፃው መውረጃ በአንድ ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ሲወጣ ከንፈሩ ይቧጥጣል። የፋብሪካው ማንሻ ቢኖረው 30 ሚሜ ያህል ስለሚጨምር 16 በመቶ ይደርስ ነበር። አንድ ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ይዘህ የመውረጃውን ግርጌ ለካው። ሰያፍ አድርጎ መውጣት ይረዳል፤ ባለ ጠባብ ግድግዳ መውረጃ ላይ ግን ቦታ የለህም።

ካዛንቺስ_09፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ለካሁት፤ ከንፈሩ 105፣ ርዝመቱ 820 ሚሜ፣ መውረጃው በሜትር 14 ሳንቲ ነው። በእርስዎ ስሌት 12.8 በመቶ ስለሆነ አያልፍም ማለት ነው። አዮኒኩን የሚያውቅ አለ?

ቻርጀር_32፦

አለሁ። አዮኒክ 5 ኤን 448 ኪሎዋት አለው፣ የተጨማሪ ጉልበት ቁልፉ ሲጫን ለ10 ሰከንድ 478 ይደርሳል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም፤ መውረጃህንም ያለ ጭንቀት ያልፋል። ክብደቱ ግን 2.2 ቶን ገደማ ነው፤ ጂቲ3 1,430 ኪሎ ነው። ያ ልዩነት ትራክ ላይ በጎማና በሸራ ይከፈላል፣ 275/35 ባለ 21 ኢንች ጎማውም እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ባትሪው 84 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ስለምትስብ ከባዶ ለመሙላት 38 ሰዓት ይፈጃል። በ32 አምፔር ሲንግል ፌዝ 7 ኪሎዋት ይሆናል፣ 12 ሰዓት፤ ማታ ሰክተህ ጠዋት ትነዳለህ። የሕንፃው አስተዳደር ለዚህ የራሱ ገመድና ብሬከር ይፈቅድ እንደሆነ መኪናውን ሳታዝዝ ጠይቅ። ደግሞ ከተማው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና የመጡ ስለሆኑ ብዙ ቻርጀር ጂቢ/ቲ ሶኬት ነው። አንተ የምታስገባው የአውሮፓ ሥሪት ከሆነ ሲሲኤስ2 ነው፣ አይገጥምም። ለፒያሳና ለአራት ኪሎ የእሁድ ጠዋት መንገድ ግን ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ።

ቴስታታ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። የጠየቀው ስለ ትራክ ነው፣ 2.2 ቶን መኪና ትራክ ላይ የሚያስተምረው ትምህርት ሌላ ነው። ግን ካዛንቺስ_09፣ አገራችን ቋሚ የአስፋልት ውድድር ትራክ የላትም፤ የአዳማው ፈጣን መንገድም ትራክ አይደለም። ልትሄድባቸው ከምትችላቸው ትራኮች መካከል በአውሮፕላን 4 ሰዓት የሚፈጀው 5.39 ኪ.ሜ. ርዝመት ያለው የዱባይ አውቶድሮምና ደቡብ አፍሪካ ያለው 4.5 ኪ.ሜ. ኪያላሚ ይገኛሉ። መኪናህን እዚያ ለማድረስ በጭነት መኪና እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ነው። ከመውጣቱ በፊት ሻሲና ሞተር ቁጥሩ በጊዜያዊ ወጪ ዲክላራሲዮን ካልተመዘገበ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሊታይ ይችላል፣ የነዳጅ መኪና ደግሞ አይገባም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚነዳ ሰው ይህ አያዋጣም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ዱባይ ሄደህ የትራኩን መኪና ተከራይ፤ ጎማውም ፍሬኑም የእነሱ ነው፣ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጥሃል። ይህን ጂቲ3 በዚህ መውረጃ፣ ያለ ማንሻ፣ ዋስትናው ባለቀ ሞተር አልገዛም። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ማደሪያውን ወደ ሜዳ ግቢ መቀየር ከቻልክ ብቻ መልሰህ አስበው።

ምናልባት ገዝተህ ወደ ውጭ ብትልከው ሁለት ነገር ያዝ። እዚህ 2.2 ባር የሞላኸው ጎማ ባሕር ዳር ሲደርስ በዚያው ሙቀት 1.96 ያህል ያነባል፣ የውጩ ግፊት ስለጨመረ ነው፤ ሳትሞላው ትራክ እንዳትገባ። የፍሬን ዘይቱም ከየጉዞው በፊት በአዲስ ይተካ፣ አንድ ሊትር ያህል ይበቃል። የዶት 4 ዝቅተኛ መስፈርት አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ዲግሪ ላይ መፍላት ነው፤ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

የድሮ_መካኒክ፦

ፔዳሉ ከለሰለሰ ጋሼ የምትለኝን ስማ፦ ደጋግመህ እየረገጥክ አትቀጥል፣ አንድ ዙር ቀስ ብለህ አቀዝቅዘህ ግባና አቁመው። ስታቆም የማቆሚያ ፍሬኑን አትያዝ፣ ፍሬኑ ገና ግሏል። ጎማውን በታኮ ያዘው።