ሜዲካል ስኩል ለመግባት ባዮሎጂ የግድ ነው እንዴ? ወይስ ነርሲንግ ልያዝ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ፎል ላይ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ስለማደርግ ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት መስክ፣ ወስኚ እየተባልኩ ነው። ሐሳቤ ከዲግሪው በኋላ ሜዲካል ስኩል መግባት ነው። አባቴ ባዮሎጂ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እናቴና ቤተክርስቲያን የምናገኛቸው እትዬዎች በሙሉ ደግሞ ነርሲንግ ያዢ ቢያንስ ሥራ አታጪም ይሉኛል። እኔን የሚስበኝ ግን ስታትስቲክስ ነው 😅 የወሰድኩት አንድ ክላስ ቢሆንም የቤት ሥራው ራሱ አይሰለቸኝም። እስካሁን ባዮሎጂ አንድ ኤ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድ ቢ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ። አድቫይዘሯ እንኳን በደንብ ሳታናግረኝ "በቃ ባዮሎጂ ልሙላልሽ?" ነው ያለችኝ። ስታት ተምሬ ባመለክት ይስቁብኛል?

ነርሷ፦
እህቴ እትዬዎቹን ስሚ። እኔ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ነኝ፣ ቤት ገዝቻለሁ፣ ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ፣ ሜዲካል ስኩል ብትፈልጊ በኋላም ይደረሳል። ስታትስቲክስ ይዘሽ ሳይሳካ ቢቀር ምን ልትሠሪበት ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሜዲካል ስኩል ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ አሜሪካ። ማንም አይስቅብሽም። ትምህርት ቤቶቹ ሜጀር አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት ኮርስ ነው፦ ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ብዙዎቹ ደግሞ እንግሊዝኛ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ የምትፈልጊያቸውን ዌብሳይታቸው ላይ ገብተሽ እያቸው። እነዚህን ካሟላሽ ሙዚቃም ተማሪ ታሪክም ተማሪ ያንቺ ጉዳይ ነው። ከሚያመለክተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባዮሎጂ ነክ የተማረ ነው፣ ያ ማለት ግን ባዮሎጂ ያስገባል ማለት አይደለም፣ ሁሉም እንዳንቺ አባት ስለሚያስብ ነው።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። የማመልከቻው ሲስተም፣ አምካስ የሚባለው፣ ከሚያወጣቸው ጂፒኤዎች (የውጤት አማካዮች) ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ የሁሉም ኮርስ ነው ሌላው የባዮሎጂ የኬሚስትሪ የፊዚክስና የሒሳብ ብቻ። ስታትስቲክስ እዚያ ሒሳብ ውስጥ ይቆጠራል! ስለዚህ ስታት ሜጀር ካደረግሽ አብዛኛው የሜጀርሽ ኮርስ ሳይንስ ጂፒኤሽ ውስጥ ይገባል። ኤ የምታመጪ ከሆነ በጣም ይጠቅምሻል፣ ግን ከፍ ሲል ፕሮባቢሊቲ ቲዎሪ ምናምን ይመጣል፣ እዚያ ሲ ማምጣት ከጀመርሽ ሁለቱንም ጂፒኤ ይዞሽ ይወርዳል። ነርሲንግ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ የነርሲንግ ኮርሶቹ ራሳቸው ሳይንስ ውስጥ አይቆጠሩም፣ ለነርሲንግ የሚወሰደው ቀለል ያለ ኬሚስትሪም አብዛኛውን ጊዜ ለሜዲካል ስኩል አይሆንም፣ ዋናውን እንደገና መውሰድ ሊኖርብሽ ነው። ክሊኒካሉ፣ የሆስፒታሉ ልምምድ ማለት ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚበላ ነርሷ እህታችን ከኔ በላይ ታውቃለች፣ ኦርጋኒክ ላብ የት ቦታ ልታስገቢው ነው? ነርስ መሆን ከፈለግሽ ሁኚ፣ ትልቅ ሙያ ነው። ለሐኪምነት መሸጋገሪያ ብለሽ ብቻ ከሆነ ግን መንገድ ታረዝሚያለሽ።

የኮሚኒቲ ኮሌጁ ግሬድም አብሮ ይሄዳል፣ ድጋሚ ብትወስጂ አሮጌው አይሰረዝም ሁለቱም ይደመራል። እና የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን ኤምካትን አትርሺ፣ ከ472 እስከ 528 የሚታረም አራት ክፍል ያለው ፈተና ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጥሻል። እንደኛ እንግሊዝኛን ዘግይቶ የጀመረን ሰው የሚያስቸግረው ኬሚስትሪው አይደለም፣ ካርስ የሚሉት የንባብ ክፍሉ ነው። 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ የሚሸመደድ ነገር የለውም፣ ስለ ሥነ ጥበብ ስለ ፍልስፍና የተጻፈ ነገር አንብበሽ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ መመለስ ነው። ለሱ ከአሁኑ ብዙ ንባብ ያለበት ክላስ፣ ፍልስፍናም ይሁን ታሪክ፣ ጣል አድርጊበት።

ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፦
ልጄ አባትሽ ላይ አትፍረጂ። እኛ አገር ቤት ሕክምና የሚገባው ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ በቀጥታ ነበር፣ መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይዞ መምጣት የሚባል ነገር አናውቅም፣ ስለዚህ ባዮሎጂ ለሐኪምነት የሚቀርበው በር ይመስለዋል። የኔ ልጅ ባዮሎጂ ጨርሶ አንዴ አመልክቶ አልተሳካለትም፣ አሁን ላብ ውስጥ በትንሽ ደሞዝ ይሠራል። ነርሷ ያለችው ፍርሃት እውነት ነው ግን ባዮሎጂንም ይመለከታል፣ በባዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ምን ሥራ አለ? ስታትስቲክስ የያዘ ልጅ ኢንሹራንሱም ባንኩም መንግሥት መሥሪያ ቤቱም ይቀጥረዋል።

ሌላው ብድር ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለውን ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለሚማር የሚሰጥ የፌደራል ብድር አያገኝም፣ ለሐኪም ተማሪ የፌደራሉ ብድር በዓመት 50,000 በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። የግል ትምህርት ቤቶቹ ከዚያ በላይ ነው የሚያስከፍሉት፣ ቀሪውን ከየት ታመጪዋለሽ? ስለዚህ አንደርግራዱን (የመጀመሪያ ዲግሪውን) በዕዳ አትጨርሺ፣ የሜሪላንድ ነዋሪነትሽን ይዘሽ የስቴት ትምህርት ቤት ግቢ።

ነርሷ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ባዮሎጂም ያው ነው 😂 እኔም የምሰጋላት ባዶ እጇን እንዳትቀር ብቻ ነው። ክሊኒካሉም እውነት ነው፣ እንኳን ኦርጋኒክ እንቅልፍም አይተርፍም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ የሳይንስ ጂፒኤውን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር። ኦርጋኒክን እዚሁ ሰመር ላይ ጨርሼው ልሂድ ወይስ እዚያ? እና ሲኤንኤነቱ ይቆጠርልኛል?

ሦስተኛ ዓመት፦
ጄኔራል ኬሚስትሪ ሁለትን እዚሁ ጨርሺ፣ ኦርጋኒክን ግን ከትራንስፈር በኋላ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ውሰጂው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከባድ ሳይንሱን አራት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፣ ደግሞም ኦርጋኒክ በሰመር ተጣድፎ ከሥራ ጋር ኤ አይመጣም።

ሲኤንኤው እንዴት አይቆጠርም፣ ክሊኒካል ኤክስፒሪየንስ ማለት እሱ እኮ ነው! ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ዊልቸር ገፋሁ ብሎ ይጽፋል፣ አንቺ ምግብ አልቀምስም ብለው ፊታቸውን ያዞሩ አሮጊት አጠገብ ተቀምጠሽ በማንኪያ አብልተሻል። ሰዓቱን መዝግቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምሽም ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ ጻፊው የማንንም ስም ሳትጠቅሺ፣ ኤሴይ ስትጽፊ ያስፈልግሻል። ሐኪም ተከትሎ ማየት ግን ለብቻው ነው፣ ሻዶዊንጉን ሰመር ላይ ፈልጊ። ኤምካት ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ ክፍያ ለሚቀንሰው ፊ አሲስታንስ ፕሮግራም አመልክቺ፣ ከከፈልሽ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ አይመልስልሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ስታት ሜጀር ካልኩለስ እስከ ሦስትና ሊኒየር አልጀብራ ይፈልጋል፣ ካልኩለስ ጀምረሻል? ስታቱን የወደድሽው አንድ ክላስ አይተሽ ነው፣ ሒሳቡን ሳትቀምሺ ሜጀሩን አትፈርሚ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ካልኩለስ አንድን ለስፕሪንግ ተመዝግቤያለሁ፣ ሰኞና ረቡዕ ማታ ነው። እስከ ሚድተርም አየውና ኤ ከሆነ ስታት፣ ካልሆነ ባዮሎጂ። ለአባቴ የሳይንስ ጂፒኤውን ነገር ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ቁጥር ሲሰማ ይበርዳል።